ከድሩ ማዶ

መጀመሪያ የሚሰማው የኪዳነ ድምፅ ነበር።

«በሬው ውሃ ጠማው። ወደ ወንዝ ወረደ። በወንዙ ዳር አንዲት እንቁራሪት ተቀምጣ ነበር...»

ድምፁ ከኋላዬ፣ ከመደቡ ላይ ይመጣል። እኔ ፊቴን ወደ ሸማ ዕቃዬ አዙሬ፣ እግሮቼን ከሥሩ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰድጄ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እልካለሁ። ዞር ካልኩ የሱፍ ክር ነውና ይበጠሳል፤ ባይበጠስም ማጉ ይላላና ባናው አንድ ቦታ ላይ ወንፊት ይሆናል። ስለዚህ አልዞርም ነበር። የማስተምረው በጆሮዬ ነው።

ባና የምሠራ ሰው ነኝ። በአገራችን በግ ሱፍ፣ ወፍራሙን ብርድ ልብስ፣ ሐምሌ ላይ ከሥሩ መነሣት የሚያስጠላውን። ሥራውን ያስለመደኝ አባቴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ስቀር፣ ጉድጓዱ እዚያው ቤታችን ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። እህቴ ጥሩሸዋ ባሏን ቀብራ ብዙም ሳትቆይ ራሷ ስታርፍ ደግሞ ሁለቱ ልጆቿ ወደ እኔ መጡ፤ ሳሌም አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ኪዳነ ስምንት። ከዚያ በአካባቢው ጸጥታ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ይከፈታል ሲባል ከረመ፤ ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። እንግዲህ አንዱ ክፍል ቤታችን መኝታም፣ ሥራ ቤትም፣ ትምህርት ቤትም ሆነ።

ሳሌም አላስቸገረችኝም። መጽሐፍ ከሰጧት ትነጉዳለች። ኪዳነን ግን በየጠዋቱ ከኋላዬ አስቀምጬ «በል፣ ጮክ ብለህ» እለዋለሁ። እሱም ጮክ ይላል። ጥርት ያለ፣ የማይደናቀፍ ንባብ። እኔ ደግሞ ልቤ ቶሎ የሚሄድብኝ ሰው ነኝ። መወርወሪያው ሲመላለስ፣ የልጁ ድምፅ ሲንቆረቆር፣ ሐሳቤ በሩን ወጥቶ የጓሳን ሜዳ ያቋርጣል፤ ሣሩ ውስጥ ይተኛል፤ አይቼው ወደማላውቀው ባሕር ይወርዳል። ስመለስ በሬው ውሃውን ጠጥቶ ጨርሷል። «ጎበዝ» እላለሁ። ልጁ ጎበዘ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን እትዬ አማከለች መጡ። የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ብቻቸውን ይኖራሉ። እስከ ዘመሮ በመኪና፣ ከዘመሮ እኛ ቤት ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግራቸው መጥተው፣ ገና በሶው ሳይበጠበጥላቸው ወደ ኪዳነ ዞሩ።

«እስቲ ጉብዝናህን አሳየኝ። አጎትህ በስልክ ሲያወራልኝ ይኸው ልቤን አውልቆታል።»

ኪዳነ መጽሐፉን ገለጠ። «በሬው ውሃ ጠማው። ወደ ወንዝ ወረደ...»

እትዬ ጎንበስ ብለው መጽሐፉን አዩ። እኔ በኩራት የተበጠሰ ክር እቀጥላለሁ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «በሬው የታለ?»

«ወንዝ ወረደ» አለ ኪዳነ።

«ወንዝ መውረዱንማ ሰማሁ። እዚህ የተሳለችው ግን ዶሮ ናት። ከነጫጩቶቿ።»

መወርወሪያው እጄ ላይ ቀረ። ሳሌም አንገቷን ደፋች።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ እትዬ፣ ወደ እኔ ቀና ብለው። «ዶሮና በሬ ግን እለያለሁ። አንተ አሥራ ሁለተኛ ድረስ የተማርከው፣ አንተ ምን ስትለይ ከረምክ?»

ነገሩ ቶሎ ወጣ። ሳሌም ከሰዓት በኋላ ጮክ ብላ ስታነብ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዞታል። ገጽ የሚገልጠው እሷ የምትገልጥበት ቦታ ሲደርስ ነው። ያን ዕለት ጣቱ በብርድ ደንዝዞ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ባይገልጥ፣ እስከ ዛሬም አልነቃበትም ነበር።

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት ሳሌምን።

«ጋሼ፣ ስታዳምጠው ደስ ይልህ ነበራ።»

መወርወሪያውን ድሩ ላይ አስቀመጥኩ።

እትዬ ነጠላቸውን አጣፉ። «እወስዳቸዋለሁ። እኛ ዘንድ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው። አስተማሪውም ፊቱን ወደ ልጆቹ ነው የሚያዞረው።»

«እትዬ፣ ሥራዬን እያዩት...»

«ሥራህን መች ጠላሁ? አንድ ሰው ግን በሁለት ዓይኑ ሁለት ቦታ አያይም። አንተን ጥፋተኛ አላልኩም፤ ልጁ ግን ዕድሜው እየሄደ ነው።»

ኪዳነ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አጣብቆ ይዞ፣ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። ትንሽ ልጅ ሲፈራ አፉን እንዴት እንደሚገጥም ያየ ያውቀዋል። እኔም ራሴን ጠየቅሁ፤ ልጆቹ የሚሻላቸው የቱ ነው ብዬ። መልሱን ስፈልግ የመጣልኝ ግን እነሱ የሌሉበት ቤት ነው፤ መወርወሪያው ብቻ የሚሰማበት።

«እስከ ርክበ ካህናት ጊዜ ይስጡኝ» አልኳቸው። «ካላነበበ ራሴ ዕቃቸውን ተሸክሜ መኪናው ድረስ አደርሳለሁ።»

ኪዳነን ከራስ እስከ እግሩ አዩት። ከዚያ «ይሁን» አሉ። «የሷን አልሰማም፤ ታነባለች። የሱን ነው የምሰማው። ይሄን የሸመደደውን መጽሐፍ ግን አልፈልግም፤ የማስነብበውን እኔ ይዤ እመጣለሁ። ካነበበ አፌን ይዤ እመለሳለሁ። ካላነበበ ሁለቱንም ነው የምወስድ፤ ወንድምና እህት አልነጣጥልም።»

ርክበ ካህናት ከፋሲካ በኋላ ሃያ አራት ቀን ቆይቶ ነው የሚውለው፤ ከጾሙ መግቢያ እስከዚያ ሰማንያ ቀን ገደማ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳባከንኳቸው ልናገር። መጀመሪያ ሥራውን ትቼ ከኪዳነ ጋር መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ ፊደሉን በተራ ያውቀዋል፤ ከተራው ሲያወጡበት ግን ይጠፋበታል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ግምቱ ነው። የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ የቀረውን ከራሱ ይጨምራል። «መ» ካየ መኪና ነው፤ መስኮትም መኪና፣ መቀስም መኪና። እኛ መኪና ስንቆጥር ባናው ባለበት ቆመ። ሱፍ ያመጡ ሰዎች በሩ ላይ እየመጡ ጉሮሯቸውን መጥረግ ጀመሩ። ደንግጬ ወደ ጉድጓዱ ተመለስኩና እየሠራሁ በየመሀሉ መዞር ያዝኩ። ክሩ ይበጠሳል፤ እቀጥላለሁ፤ ስቀጥል ልጁ ይገምታል፤ እዞራለሁ፤ ክሩ ይበጠሳል።

በዚህ መሀል ነው መሪጌታ አትናቴዎስ የመጡት። የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ ለክረምቱ ማሕሌት የሚሆን ባና አዘውኛል።

«ምስክር፣ ባናዬ የት ደረሰ?»

«ግማሽ ነው፣ የኔታ።»

«ባለፈው ሳምንትም ግማሽ ነበር።»

«አሁንም ግማሽ ነው።»

«ተመስገን ነው። ወደ ኋላ አልሄደም።»

ሳቄ ቢመጣም አልሳቅሁም። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ በሬውን፣ ዶሮዋን፣ እትዬን፣ የሚበጠሰውን ክር። መሪጌታ በመቋሚያቸው ጫፍ የሸማ ዕቃዬን ከዳር እስከ ዳር እየተከተሉ አዳመጡኝ። ድሩ ከፊቴ ተወጥሮ እስከ ማዶው ካስማ ድረስ ይሄዳል፤ ከጠባቡ መስኮት የሚገባው ብርሃንም እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው።

«እኛ ስንማር» አሉ፣ «ለአምስት ልጅ አንድ ዳዊት ነበር። መጽሐፉ መሀል፣ እኛ ዙሪያውን። ጉልበተኞቹ ፊት ለፊቱን ያዙት። እኔ ደቃቃ ነበርኩ፤ የደረሰኝ በራስጌው በኩል ነው። ሁለት ዓመት ተገልብጦ አነበብኩልህ። የማታ ማታ አቅንተው ቢሰጡኝ አንድ ፊደል አላወቅሁም!»

«አሁንስ፣ የኔታ?»

«አሁንም ደብዳቤ ሲደርሰኝ መጀመሪያ እገለብጠዋለሁ። ለማንም አትንገር።» ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። «አንተስ ልጁን ለምን ከኋላህ ታስቀምጠዋለህ? ድሩ ያለው ከፊትህ፣ ብርሃኑ ያለው ከፊትህ፣ ዓይንህ ያለው ከፊትህ። ከድሩ ማዶ አስቀምጠው። ለእሱ ሲቃና ላንተ ይገለበጣል፤ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ትለምደዋለህ።»

ሲነገር ምንኛ ቀላል ነው! ለሁለት ዓመት አላሰብኩትም።

በማግስቱ ኪዳነን ማዶ አስቀመጥኩት። መጽሐፉን ጭኑ ላይ ቢያደርገው አይታየኝም፤ ስለዚህ እዚያው በተወጠረው ድር ላይ፣ በካስማው በኩል ዘረጋነው። መርገጫውን በረገጥኩ ቁጥር ክሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ መጽሐፉም በቅሎ ላይ እንደተጫነ ቁና ይነቀነቃል።

«ጋሼ፣ ፊደሎቹ እየዘለሉ ነው!»

«ይዝለሉ። ጣትህን አስቀምጥባቸው፣ አይሄዱም።»

ሥርዓቱ ይኸው ሆነ፤ ጣቱ ያለችበት ቦታ ዓይኔ አለ። ጣቱ «መስኮት» ላይ ሆና አፉ «መኪና» ሲል ወዲያው አውቃለሁ። መወርወሪያውን አላቆምም፤ «ጣትህ ሌላ ነው የምትለው» እላለሁ ብቻ። ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን እኔም ከእሱ አልተሻልኩም። ተገልብጦ «ሰ» ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። ሁለታችንም ከድሩ ወዲያና ወዲህ ሆነን እንንተባተባለን፤ ሳሌም መሀላችን ቆማ ትስቃለች።

«የትኛችሁን ነው እማማ አማከለች የሚፈትኑት?» ትለናለች።

ድር እየተሠራ ወደ እኔ ይጠቀለላል። ማለዳ በካስማው በኩል የተቀመጠ መጽሐፍ ቀኑን ሙሉ ስንዝር በስንዝር ወደ እኔ ይመጣል፤ ኪዳነም አብሮት እየተጎተተ ይጠጋል። መጽሐፉ ወደ እኔ መጠጋቱን ልጁ ወደደው። «ዛሬ የት እንደርሳለን?» ይለኛል፣ መንገድ እንደሚሄድ ሰው።

መጽሐፎቹ ሁሉ ሱፍ ሱፍ ሸተቱ። ሐሳቤም መሄዱን ተወ። ሙሉ በሙሉ ተወ ብል ውሸት ነው፤ ግን ሩቅ ሳይደርስ ጣቱን አይቶ ይመለሳል።

ሥራ የማይሠራበት ቀን ደግሞ ነበረልን። በእኛ አገር በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም መወርወሪያ የሚያነሣ ሰው የለም። ድሮ እነዚህን ቀናት ጓሳ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ደመና ሳይ ነበር የማሳልፋቸው። አሁን ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ትምህርት ሆነ።

«ሰው ሁሉ በዓል ሲያከብር የኛ በዓል ትምህርት ነው?» አለ ኪዳነ።

«ማንበብ መቼ ተከለከለ?»

ሳሌም ጣቷን አጥፋ ቆጠረችው። «ከእሑዱ ጋር በወር ስምንት ዘጠኝ ቀን ነው፣ ኪዳንዬ። አለቀልህ።»

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። ያሉንን መጻሕፍት ሁሉ ልጁ ሰምቷቸዋል። የሚያነበው ይሁን የሚያስታውሰው፣ ጣቱን እያየሁ እንኳ አንዳንዴ እጠራጠራለሁ። ይህን ለመሪጌታ ብነግራቸው በሳምንቱ ሳሌምን ቁራጭ ወረቀት አስይዘው ላኳት። ኪዳነ ድሩ ላይ ዘረጋው። ጣቱን አስቀመጠ። ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ።

«ም...ስ...ክር። ምስክር። ባ...ና...ዬ። ባናዬ።» ቀና አለ። «ባናዬ ይላል፣ ጋሼ!»

«ቀጥል።»

«ባናዬ... ከ...መ...» ቆመ። አፉ መኪና ሊል ሲከፈት አየሁት። ጣቱን አንድ ፊደል ወደፊት ገፋ፤ አፉን ገጠመ፤ እንደገና አየ። «ከመ...ቃ...ብሬ... ከመቃብሬ... በፊት... ይ...ደር...ሳል?»

ሳሌም በሳቅ ተንፈራፈረች። ኪዳነ ግን ቀልዱን ለመረዳት ከመጀመሪያው ደግሞ ማንበብ ነበረበት። ደግሞ አነበበው። ያን ጊዜ ሳቀ። ማንም ሳይነግረው ከወረቀት ላይ ራሱ ባገኘው ነገር ሲስቅ ያን ዕለት አየሁት። መወርወሪያውን አስቀምጬ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ መሪጌታ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይልኩ ነበር። «ብርዱ ሰላም ብሎሃል።» «ሱፉ ገና በጉ ላይ ነው እንዴ?» ኪዳነ መልስ ልጻፍ አለ፤ ጻፈም፤ ግማሹ ፊደል ተጣሞ፣ «እየደረሰ ነው የኔታ ትንሽ ቀረ» ብሎ። ባናውን ለዳግም ትንሣኤ ሳምንት አስረከብኳቸው። ለብሰውት ወዲያ ወዲህ አሉና «እንግዲህ ምን ብዬ ልጻፍልህ ነው?» አሉት ልጁን።

ርክበ ካህናት አለፈ። በማግስቱ፣ ረፋድ ላይ፣ እትዬ አማከለች ከዘመሮ በቅሎ ተከራይተው መጡ። ለልጆቹ ዕቃ መሆኑ ነው። በቅሎዋን በሩ ላይ አሰሩ፤ ገቡ፤ ሁላችንንም ሳሙን። ሳሌም ቃሌን አክብራ የሁለቱንም ልብስ በማዳበሪያ ጠቅልላ በሩ ሥር አስቀምጣዋለች። እሷ ራሷ አላለቀሰችም፤ ጫማዋን ግን ሦስት ጊዜ ጠረገች።

«በል፣ ና እዚህ» አሉ እትዬ።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ይሻለኛል» አለ ኪዳነ። ከድሩ ማዶ ቦታው ሄዶ ቁጭ አለ። እትዬ ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ። እኔም ጉድጓዴ ውስጥ ነበርኩ፤ እግሬን ከመርገጫው ላይ አወረድኩ።

እትዬ ከደረታቸው መሐረብ አወጡ። መሐረቡ ውስጥ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት። ከደብተር የተቀደደ፣ ማጠፊያው ላይ ለመበጠስ የደረሰ። ድሩ ላይ በሁለት እጃቸው ዘረጉት፤ እንዴት እንደሚቃና ስላላወቁ ለእኔ ቀና ሆኖ፣ ለኪዳነ ተገልብጦ ተዘረጋ።

የእስክሪብቶውን ጽሕፈት አውቀዋለሁ። የባለቤታቸው የጋሽ ጌጡ ነው። ጋሽ ጌጡ ካቻምና ጥር፣ ገበያ ልወጣ ብለው ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው አረፉ። ቀና ብዬ እትዬን አየሁ። ወረቀቱን ለማንም አሳይተው እንደማያውቁ ፊታቸው ይናገራል። አፌን ልከፍት ስል «አንተ ዝም በል» አሉኝ። «እሱ ነው የሚያነበው።»

ኪዳነ ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ አቀናው። ጣቱን አስቀመጠ።

«ጨ...ው» አለ። «ጨው።»

እትዬ ወደ ድሩ ጠጋ አሉ።

«ም...ስ...ማር። ምስማር። ባ...ትሪ... ባትሪ ድንጋይ። ሁለት።» ጣቱ ወደ ታች ወረደች። እዚህ ላይ ጽሕፈቱ ይጠብቃል። ልጁ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ለአ...ማ...ለአማ...» ቆመ። ግምት ሲመጣበትና ሲመልሰው አየሁ። «ለአማከ...ለች። ለአማከለች።» ደንግጦ ቀና አለ። «እማማ፣ እርስዎን ነው!»

«ቀጥል» አሉ እትዬ።

«ለአማከለች ጫ...ማ። ጫማ። ሠላሳ ሰባት።» ቁጥሩን በአንድ ትንፋሽ ነው ያነበበው፣ ቁጥር አይቸግረውም። «ጠ...ቆር ያለ። ተረ...ከ...ዙ... ተረከዙ ዝቅ ያለ።» ወረቀቱን ገልብጦ አየ። «አለቀ።»

ውጭ በቅሎዋ አናፋች። ሳሌም በሩ ሥር ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ድገመው» አሉ እትዬ።

ደገመው። ያው ነው፤ ጨው፣ ምስማር፣ ሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ ለአማከለች ጫማ ሠላሳ ሰባት፣ ጠቆር ያለ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ፈጠን አለ።

«ስሜ የቱ ነው? ጣትህን አድርግበት።»

ኪዳነ ጣቱን አደረገበት። እትዬ በድሩ ላይ አጎንብሰው፣ የልጁ ጣት ሥር ያለውን ቃል ረጅም ጊዜ አዩት። የራሳቸውን ጣት አምጥተው ከሱ ጣት አጠገብ አሳረፉ፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ እስከ መጨረሻው ሄዱባቸው። ከዚያ ወረቀቱን አነሡ። በነበረው ማጠፊያ አጠፉት፤ በላስቲኩ፣ ከዚያም በመሐረቡ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ መለሱት።

ተነሡ። የኪዳነን ራስ በመዳፋቸው ያዝ አደረጉና ለቀቁት።

«እትዬ፣ ትንሽ በሶ...» አልኩ፤ ከጉድጓዱ ለመውጣት እየታገልኩ።

እትዬ በሩ ሥር ያለውን ማዳበሪያ ተሻግረው ወጡ።

«እማማ» አለ ኪዳነ ከኋላቸው፣ «ጫማዬን ላድርግ?»

እትዬ የበቅሎዋን ገመድ ፈቱ። አልተቀመጡባትም። ባዶዋን እየሳቡ፣ ነጠላቸውን ነፋሱ እያነሣባቸው፣ በዘመሮ መንገድ ቁልቁል ወረዱ።